ካርሎስ አልካራዝ፦ አበቃለት ሲባል የሚነሳው የስፔን ልጅ

ካርሎስ አልካራዝ ጋርፊያ የስፔን የቴኒስ ተጫዋች ነው። ሜይ 5 ቀን 2003 ሙርሲያ ውስጥ ኤል ፓልማር በምትባል ሰፈር ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ19 ዓመቱ የዓለም አንደኛ ሆነ። እስከ 2025 መጨረሻ 6 የግራንድ ስላም (አራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች፦ የአውስትራሊያ፣ የፈረንሳይና የአሜሪካ ኦፕን እንዲሁም ዊምብልደን) ዋንጫዎችን አንስቷል።

ስለ እሱ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያነሳው ጉልበቱንና ፍጥነቱን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሌላው ተጫዋች ሊሸነፍ ሲል ይጠነቀቃል፤ ኳሷን መስመር ውስጥ ማስገባት ብቻ ያሳስበዋል። ይሄ ልጅ ግን ያኔ ነው ይበልጥ የሚደፍረው።

ቴኒስ ለቤተሰቡ አዲስ ነገር አይደለም። አባቱ ጥሩ ተጫዋች ነበር፤ ግን ገንዘብ አጠረውና ሳይገፋበት ቀረ። ከዚያ በኤል ፓልማር ክለብ ቴኒስ ማስተማር ጀመረ። ልጁም ራኬት የጨበጠው እዚያው ነው። አያቱ ደግሞ ሦስት ነገሮችን ደጋግመው ይነግሩት ነበር፦ ጭንቅላት፣ ልብና ወኔ። አሁንም ሲያሸንፍ የአያቱን ምክር ያነሳል።

ቤተሰቡ ሀብታም አልነበረም። በ10 ዓመቱ ክሮኤሺያ ውስጥ ለሚደረግ ውድድር ሲጋበዝ የጉዞውን ወጪ የሸፈነለት አንድ የአካባቢው ነጋዴ ነው። የሚገርመው፣ በ2021 የመጀመሪያውን የኤቲፒ (የወንዶች ቴኒስ ማኅበር) ዋንጫ ያነሳውም እዚያው ክሮኤሺያ፣ ኡማግ ከተማ ውስጥ ነው።

በ2018፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ ሁዋን ካርሎስ ፌሬሮ አሰልጣኙ ሆነ። ፌሬሮ ራሱ የዓለም አንደኛ የነበረ ሰው ነው። የፈረንሳይ ኦፕንን ያሸነፈው በ2003 ነበር፤ ልጁ በተወለደበት ዓመት ማለት ነው። እዚያው ስፔን፣ ቪዬና (Villena) በምትባል ከተማ ያለው አካዳሚው ለአልካራዝ ሁለተኛ ቤት ሆነለት። በ2022 ማያሚ ላይ አልካራዝ ለፍጻሜ ሲደርስ የፌሬሮ አባት በቅርቡ ነበር ያረፉት። ፌሬሮ ግን ሐዘኑን እንደያዘ በአውሮፕላን ደርሶ ጨዋታውን አየለት። ልጁም ዋንጫውን አነሳ።

የ2021ዱን የማድሪድ ውድድር አለማንሳት አይቻልም። 18ኛ ዓመት ልደቱ ዕለት ከአገሩ ልጅ፣ ከታላቁ ራፋኤል ናዳል ጋር ተገናኘ። 6 ለ 1 እና 6 ለ 2 ተቀጣ። በዓመቱ ግን እዚያው ማድሪድ ነገሩ ተገለበጠ። በልደቱ ማግሥት ናዳልን አሸነፈ። በነጋታው ሰርቢያዊውን ኖቫክ ጆኮቪችን ጣለ። ፍጻሜው ላይ ዝቬሬቭን እንደ ልቡ አድርጎ ዋንጫውን ወሰደ። በአንድ የሸክላ ሜዳ ውድድር ሁለቱንም፣ ናዳልንና ጆኮቪችን፣ ያሸነፈ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም።

ስለ አጨዋወቱ ትንሽ እንበል። የሚጫወተው በቀኝ እጁ ነው፤ ባክሃንዱን (በግራው በኩል የምትመጣን ኳስ) በሁለት እጁ ይመታል። ፎርሃንዱ (በቀኙ በኩል የሚመታው) መድፍ ነው። ግን ተመልካችን ከወንበሩ የሚያስነሳው ድሮፕ ሾቱ ነው። ክንዱን ወደ ኋላ ይስባል፣ ትከሻውን ያዞራል፤ ተጋጣሚው መድፉ መጣ ብሎ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። በመጨረሻዋ ቅጽበት እጁ ይለሰልስና ኳሷን በስሱ ይቆርጣታል። ኳሷ መረቡን ዘላ እዚያው ጠብ ትላለች። ተጋጣሚው ሮጦ ቢደርስም በአናቱ ያሳልፍበታል። ይሄን በተራ ነጥብ ላይ ብዙዎች ይሞክሩታል። እሱ ግን ጨዋታው አንገቱ ላይ ሲደርስም አይተወውም።

የቴኒስ ጨዋታ በሰት ይቆጠራል፤ ሰት ደግሞ በጌም፣ ቢያንስ ስድስት ጌም ያሸነፈ ይወስደዋል። በወንዶች ግራንድ ስላም ሦስት ሰት ቀድሞ የያዘ ያሸንፋል። የ2022 የአሜሪካ ኦፕን ላይ አልካራዝ በተከታታይ ሦስት ጊዜ እስከ አምስተኛው ሰት ሄደ። ከጣሊያናዊው ያኒክ ሲነር ጋር ያደረገው ሩብ ፍጻሜ 5 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ፈጀ። ያለቀው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሲነር ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ አልተሳካለትም። ከዚያ አልካራዝ ካስፐር ሩድን በፍጻሜው አሸንፎ ዋንጫውንም የዓለም አንደኝነቱንም አንድ ላይ ወሰደ። የኤቲፒ ደረጃ ከተጀመረ ከ1973 ወዲህ በዚህ ዕድሜ አንደኛ የሆነ ወንድ አልነበረም።

በ2023 ዊምብልደን ፍጻሜ ላይ ጆኮቪች ጠበቀው። ጆኮቪች በዋናው ሜዳ ከ2013 ጀምሮ ተሸንፎ አያውቅም። የመጀመሪያውን ሰት 6 ለ 1 ሲወስድ ብዙ ሰው አበቃ ብሎ ነበር። በሦስተኛው ሰት ግን አንዲት ጌም ብቻዋን 26 ደቂቃ ያህል ፈጀች፤ አልካራዝም ወሰዳት። በአምስተኛው ሰት ጆኮቪች ራኬቱን በመረቡ ቋሚ ላይ ሰበረው። ውጤቱ ያኔ ሳይታወቅ አልቀረም። አልካራዝ አሸነፈ፤ ለማስታወሻም ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንጆሪ ተነቀሰ፤ እንጆሪ የዊምብልደን መለያ ነው።

በ2024 የፈረንሳይ ኦፕንንና ዊምብልደንን አከታትሎ አሸነፈ። በሲሚንቶ፣ በሳርና በሸክላ ሜዳ ግራንድ ስላም ካነሱት ወንዶች በዕድሜ ትንሹ ሆነ። ያን ጊዜ 21 ዓመቱ ነበር። ያው ዓመት ግን አላለቀም። በፓሪስ ኦሊምፒክ ፍጻሜ በጆኮቪች ተሸንፎ አለቀሰ፤ ብር ወሰደ። ሲንሲናቲ ላይ በፈረንሳዊው ሞንፊስ ሲሸነፍ ራኬቱን መሬት ላይ ሰባበረው፤ ይሄ የእሱ ልማድ አይደለም። በአሜሪካ ኦፕን ደግሞ በሁለተኛው ዙር ቦቲክ ቫን ደ ዛንድስኩልፕ አሰናበተው። የደከመው እግሩ ሳይሆን ጭንቅላቱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እናም 2025 መጣ። ጁን 8 ቀን፣ ፓሪስ፣ የፈረንሳይ ኦፕን ፍጻሜ፣ ተጋጣሚው ሲነር። ሁለቱም ከ2000 ወዲህ የተወለዱ ናቸው፤ እንዲህ ያለ የወንዶች ግራንድ ስላም ፍጻሜ ከዚያ በፊት አልታየም። ሲነር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰቶች ወሰደ። አልካራዝ በሕይወቱ ሁለት ሰት ተመርቶ ያሸነፈበት ጨዋታ አልነበረውም። ሦስተኛውን እንደምንም ወሰደ። በአራተኛው 5 ለ 3 እየተመራ፣ ሰርቩ (ኳሷን የመጀመር ተራው) የራሱ ሆኖ፣ 0 ለ 40 ሆነ። ሲነር ዋንጫውን ለመውሰድ ከሦስት ዕድል አንዷ ብቻ ትበቃዋለች። ሦስቱም አለፉት። አልካራዝ ሰቱን ወሰደ፤ አምስተኛውንም በመለያ ነጥቦች 10 ለ 2 ጨረሰው። 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ፤ በፈረንሳይ ኦፕን ታሪክ ረጅሙ ፍጻሜ። ነጥብ ከተቆጠረ ሲነር 193፣ አልካራዝ 192 ነው። ብዙ ነጥብ ያገኘው ተሸንፎ ወጣ። ቴኒስ እንዲህ ነው።

በዚያው ውድድር ከቤን ሼልተን ጋር ሲጫወት አንዲት ኳስ ለመድረስ ራኬቱን ወረወረ፤ ራኬቱም ኳሷን መልሶ አስገባት። ነጥቡ የእሱ ተባለ። እሱ ግን ራኬቱ ከእጄ ወጥቶ ነበር ብሎ ለዳኛው ተናገረና ነጥቡን ለሼልተን ሰጠ።

ከሲነር ጋር ያላቸው ፉክክር የጊዜያችን ትልቁ ነው። በ2024 እና በ2025 የተደረጉትን ስምንት የወንዶች ግራንድ ስላሞች ሁለቱ ብቻ እኩል፣ አራት አራት፣ ተካፈሏቸው። ከፓሪስ በኋላ ዊምብልደን ላይ ሲነር ተበቀለ። በአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ አልካራዝ መልሶ አሸነፈና የዓለም አንደኝነቱን ከእጁ ነጠቀው። ቱሪን ላይ በተደረገው የዓመቱ መዝጊያ ውድድር ደግሞ ዋንጫው የሲነር ሆነ። ዓመቱን አንደኛ ሆኖ የጨረሰው ግን አልካራዝ ነው፤ 71 ድል፣ 9 ሽንፈት፣ 8 ዋንጫ።

የሚወቅሱት አሉ። ከፓሪስ ድል በኋላ ለጥቂት ቀን ወደ ኢቢዛ ሄዶ ይዝናናል። ይሄ ልጅ ጨፋሪ ነው፣ እንደ ናዳል አይሠራም ይላሉ። በ2025ም እንዲሁ አደረገ፤ ከዚያ ለንደን ሄዶ ኩዊንስ የሚባለውን ውድድር ዋንጫ አነሳ። ለእኔ ወቀሳው ውሃ አያነሳም። ሜዳ ላይ የሚስቀውና የሚደፍረው ልጅና ኢቢዛ የሚሄደው ልጅ አንድ ሰው ነው።

በዲሴምበር 2025 ከፌሬሮ ጋር መለያየታቸው ሲሰማ ብዙዎች ደነገጡ። ሰባት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ስድስቱም ግራንድ ስላሞች የመጡት በእሱ ጊዜ ነው። በአሰልጣኝነት የቀጠለው በ2025 ቡድኑ ውስጥ ከፌሬሮ ጋር ሲሠራ የነበረው ሳሙኤል ሎፔዝ ነው።