ሚኒ ግሪድ ምንድን ነው? ከባጃጅና ከጀልባስ ጋር ምን አገናኘው?

«ገመዱ በአናታችን ላይ እያለፈ እኛ ለምን ጨለማ ውስጥ እናድራለን?» በወሎ ገጠር ይህን ጥያቄ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ተገቢ ጥያቄ ነው። በትልልቆቹ የብረት ማማዎች ላይ የሚያልፈው መስመር 132 ሺህ ወይም 230 ሺህ ቮልት ነው። ቤት የሚገባው ደግሞ 220 ቮልት። በመሃል ሰብስቴሽን፣ ማለትም ቮልቱን የሚቀንስ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ ከዚያ 33 ሺህ ወይም 15 ሺህ ቮልት የሚሸከም መስመር በየምሰሶው ተዘርግቶ፣ በትራንስፎርመር ወርዶ ነው አምፖሉ የሚበራው። ለ80 አባወራ ብሎ ገደል ለገደል ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር ምሰሶ መትከል ወጪው ይከብዳል። ሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜ 2017 ተመርቋል፣ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ኮርተንበታል። ግን ኃይሉ መኖሩና ኃይሉ ደላንታ ወይም መቅደላ ሸለቆ ውስጥ ያለች ጎጥ መድረሱ ሁለት ጉዳይ ነው።

ሚኒ ግሪድ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። አንድ መንደር ወይም አጠገብ ላጠገብ ያሉ ጥቂት ጎጦች የራሳቸው ማመንጫ፣ የራሳቸው ባትሪና የራሳቸው መስመር ይኖራቸዋል። ከአገሪቱ ዋና መስመር ጋር ሳይገናኙ፣ እዚያው አመንጭተው እዚያው ይጠቀማሉ። ይኸው ነው። ዕቃዎቹም ብዙ አይደሉም፦ ሜዳ ላይ የተደረደሩ የሶላር ፓነሎች፣ ባትሪ፣ ኢንቨርተር፣ ምሰሶና ገመድ፣ በየቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የካርድ ቆጣሪ። ፓነሉ የሚሰጠው እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክ (ዲሲ) ነው፤ ኢንቨርተሩ የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት 220 ቮልት (ኤሲ) ቀይሮ ወደ መስመሩ ይለቀዋል።

ጣሪያ ላይ የምትሰቀለዋ ትንሽ ሶላር ግን ሚኒ ግሪድ አይደለችም። እሷ ሁለት ሦስት አምፖል ታበራለች፣ ሞባይል ትሞላለች። ኩራዝን ከነጭሱ ከብዙ ቤት አስወጥታለች፣ ውለታዋ ትልቅ ነው። ወፍጮ ግን አታዞርም። ሚኒ ግሪድ ያዞራል።

ምጣድስ? ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ደህና የኤልኢዲ አምፖል 7 ዋት ነው። አስሉት፤ አንድ ምጣድ ብቻውን የ500 አምፖል ኃይል ይጎትታል። 20 ኪሎ ዋት የሚችል ሚኒ ግሪድ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ስድስት እናቶች እኩል ምጣድ ቢሰኩ መንደሩ በሙሉ ይጠፋል። ይሄ ነገር ቀድሞ ካልተነገረ በኋላ ጠብ ያመጣል። መፍትሔው ተራ መያዝ ነው፣ በተለይ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ፀሐይዋ በደንብ ስትወጣ።

ተራና ገደብ ማበጀት የድሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስኮትላንድ ውስጥ ኤግ የምትባል ደሴት አለች፤ 100 ያህል ሰው ይኖርባታል። በባሕር ስለተከበበች ዋናው መስመር አልደረሰላትም፣ ሰዉም በናፍጣ ጄነሬተር ነበር የሚኖረው። እ.ኤ.አ. በ2008 ውሃ፣ ነፋስና ፀሐይ አቀናጅተው የራሳቸውን ሚኒ ግሪድ ሠሩ። ደንባቸው አጭር ነው፦ መኖሪያ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎ ዋት፣ ንግድ ቤት ከ10 ኪሎ ዋት በላይ መሳብ አይችልም። ካለፈ ይቆረጥበታል። 5 ኪሎ ዋት በእኛ ሲመነዘር አንድ ምጣድና መብራቱ ነው። ይኸው እየኖሩበት ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያወራለት ጉዳይ ልግባ፣ ለእኔ ዋናው እሱ ነውና። ሚኒ ግሪድን የሚገድለው የፀሐይ እጥረት ሳይሆን የቀን ደንበኛ እጥረት ነው።

20 ኪሎ ዋት ፓነል በወሎ ሰማይ ጥሩ ቀን ላይ ከ80 እስከ 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል እንበል (አንድ ኪሎ ዋት የሚስብ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚፈጀው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው)። መቶ አባወራ ለመብራት፣ ለሞባይል፣ ለጥቂት ቴሌቪዥን የሚፈልገው ቢበዛ 25 ነው፣ እሱንም ማታ ማታ። ባትሪው ከሞላ በኋላ የቀረው እኩለ ቀን ላይ ፓነሉ ላይ ይባክናል። ወጪው ግን አንዴ ወጥቷል። ያ ሁሉ ወጪ በ25 ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ ብቻ ሲካፈል ታሪፉ ይሰቀላል፣ ታሪፍ ሲሰቀል ሰው መጠቀም ይቀንሳል፣ ሰው ሲቀንስ ገቢው ለጥገና አይበቃም፣ ከዚያ አንድ ቀን ኢንቨርተሩ ይበላሽና የሚያሠራው ጠፍቶ ፓነሉ አቧራ ለብሶ ይቀራል። ስለዚህ ቀን ቀን የሚጠቀም ሥራ የግድ ነው። ወፍጮ ቤት፣ የመስኖ ፓምፕ፣ ብየዳ። ከሁሉም በላይ ግን መጓጓዣ፣ ምክንያቱም የራሱን ባትሪ ይዞ ይመጣል።

ደሴ አቅራቢያ ያለውን የሐይቅ ከተማን ሐይቅ ውሰዱ። ዓሣ አስጋሪ መረቡን አመሻሽ ላይ ይጥላል፣ ጎህ ሲቀድ ያወጣል። እኩለ ቀን ላይ ጀልባው ዳር ላይ ቆሟል። ፀሐይዋ የምትበረታው ደግሞ ልክ ያኔ ነው! ትንሽ ጀልባ በዝግታ ለመንዳት አንድ ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ የሆነ የኤሌክትሪክ ሞተር ይበቃዋል፤ ሁለት ሰዓት ቢሄድ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ ሊባክን የነበረው ኃይል ይሞላዋል። የተረፈው በረዶ ይሥራበት፤ ዓሣው ደሴ ሳይደርስ እንዳይበላሽ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ይህ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። የፈሰሰ ቤንዚንና ዘይት የሚሄድበት የለም፣ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ውሃ ላይ የቤንዚን ሞተር ከመለመዱ በፊት የኤሌክትሪኩ ቢቀድም እመርጣለሁ።

ባጃጅ ግን ተቃራኒ ነው። ቀን ይሠራል፣ ማታ ይቆማል። ለእሱ የሚሻለው ተነቃይ ባትሪ ነው፤ አንዱ ባትሪ ሲሠራ ሌላው በፀሐይ ይሞላል፣ ሾፌሩ መጥቶ ይቀይራል። የገበያ ቀን እንደሆነ መቼም ፋታ የለም፣ ተለዋጭ ባትሪ ከሌለ ሾፌሩ ወደ ቤንዚኑ ይመለሳል። ቤንዚን ደግሞ በጀሪካን ገጠር እስኪደርስ ዋጋው ሌላ ሆኖ ነው የሚጠብቀው።

«በእኛ ዳገት ይሆናል?» ትሉኛላችሁ። ከኮምቦልቻ በሐረጎ አድርጎ ደሴ መውጣት ወደ 600 ሜትር ከፍታ ነው። ከነተሳፋሪው 700 ኪሎ የሚመዝን ባጃጅ ለከፍታው ብቻ ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ባትሪ አብዛኛው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ስለዚህ ይወጣል፤ ግን ሻጩ «በአንድ ሙሌት 100 ኪሎ ሜትር» ሲላችሁ ያ የሜዳ ቁጥር ነው፣ ለወሎ ቀንሱለት። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ እንደ ጄነሬተር ሆኖ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ ይህን የሚችል መሆኑን ሳትጠይቁ አትግዙ። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የሚያውቅ መካኒክ እየበዛ መሄዱ አይቀርም፣ ይሄም ይረዳል።

ሌላው ፍርሃት «መስመሩ ደካማ ነው፣ ቻርጅ ማድረጊያ አይችልም» የሚለው ነው። ኖርዌይም ገጥሟት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 አምፔር የተባለች 120 መኪና የምትጭን የኤሌክትሪክ ጀልባ ሥራ ስትጀምር፣ የሁለቱ ዳርቻ መንደሮች መስመር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊሞላት አልቻለም። ምን አደረጉ? በሁለቱም ወደብ ላይ ትልቅ ባትሪ አስቀመጡ። ባትሪው ጀልባዋ እስክትመለስ ከደካማው መስመር ቀስ እያለ ይሞላል፣ ስትመጣ በአንዴ ይሰጣታል። አንዲት የገጠር ከተማ መናኸሪያ ላይ በትንሹ ይህንኑ መሥራት ይቻላል።

አላስካ ውስጥ ያለችው የኮዲያክ ደሴት ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት። ኤሌክትሪኳን ከ99 በመቶ በላይ ከውሃና ከነፋስ ነው የምታገኘው፣ በፊት ናፍጣ በብዛት ታቃጥል ነበር። ወደቧ ላይ ትልቅ የኤሌክትሪክ ክሬን ልትተክል ስትል ችግር መጣ፤ ክሬኑ ኮንቴነር ብድግ ባደረገ ቁጥር ትንሹን መስመር ይንጠዋል። ስለዚህ በፍጥነት የሚሽከረከር፣ ኃይል የሚያጠራቅምና ወዲያው የሚለቅ ከባድ መዘውር ጨመሩበት። የእኛ ወፍጮም በመጠኑ ያው ነው። የወፍጮ ሞተር ሲነሳ ከተለመደው አምስት ስድስት እጥፍ ከረንት ይስባል፣ ያኔ ነው የመንደሩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚለው። መዘውር አያስፈልገንም። ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ መሣሪያ መግጠም ይበቃል፣ ብዙ ቦታ ግን ይረሳል።

ክረምቱስ? ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲዘጋ ፓነሉ ይዳከማል፣ እውነት ነው። ግን ወሎ ውስጥ ፀሐይ ስትደበቅ ወንዙ ይሞላል! በሴኮንድ 50 ሊትር ውሃ ከ20 ሜትር ቢወርድ፣ የሚባክነው ተቀንሶ 6 ኪሎ ዋት ገደማ ይሰጣል፣ ሌት ተቀን። ያ በቀን ከ140 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው፣ ከላይ ካሰላነው ፓነል ይበልጣል። በጋ ላይ ወንዙ ይደርቃል፣ ያኔ ደግሞ ፀሐይ አለች። ለምን ሁልጊዜ ፓነል ብቻ ተተክሎ እንደሚኬድ አይገባኝም።

አስተዳደሩ ላይ እኔ ተስፋ አለኝ። ቅሬ (እድር) ያለው ሕዝብ ነን፤ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ዕቃ በአደራ የሚይዝ፣ ያጠፋን የሚቀጣ ማኅበር ማንም ሳያስተምረን ስናስተዳድር ኖረናል። ሚኒ ግሪድም እንደ ቅሬ ደንብ፣ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ይፈልጋል። ከመንደሩ ሁለት ወጣቶች ኢንቨርተርና ባትሪ መንካት ይሠልጥኑ፣ አንዱ ከተማ ቢገባ ሌላው እንዲኖር። የኤግ ሰዎችም ጥገናውን የሚሠሩት እዚያው ደሴቷ ላይ ባሠለጠኗቸው ነዋሪዎች ነው።

ፕሮጀክት ይዞ የመጣ ሰው ካለ ሁለት ነገር በጽሑፍ አስቀምጡ። አንደኛ፣ ባትሪው ከዓመታት በኋላ ሲደክም መቀየሪያው ገንዘብ ከየት ነው የሚመጣው? ከየወሩ ክፍያ ላይ በተለየ ሒሳብ ካልተቀመጠ የለም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ዋናው መስመር አንድ ቀን ሲደርስ ይህ ሥርዓት ምን ይሆናል፣ ይቀላቀላል ወይስ ይነቀላል? ምሰሶውና ገመዱ ከመጀመሪያው በዋናው መስመር ደረጃ ከተሠራ መቀላቀል ይችላል።