ስለ ኮንዊ ግንብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በሰሜን ዌልስ፣ የኮንዊ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ዳርቻ፣ በወንዙ ስም የምትጠራ ትንሽ ከተማ አለች። ስምንት ማማ ያለውን ግንቧን በፎቶ አይታችሁት ይሆናል። ከፎቶው ጋር ግን ብዙ ስሕተት አብሮ ይዞራል።

«የዌልስ መሳፍንት የሠሩት ግንብ ነው።»

ይሄኛው በጣም ያንገበግበኛል። ያሠራው የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ነው። ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1283፣ ዌልስን በጦር ባሸነፈ ማግስት። ቦታው ባዶ መሬት አልነበረም፤ ገዳም ነበረበት። የዌልሶች ታላቁ መስፍን ሌዌሊን በ1240 የተቀበረው እዚያ ነው። ኤድዋርድ መነኮሳቱን ወደ ሌላ ቦታ አዛወራቸው። ከተማዋን 1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ቅጥር አጠራትና እንግሊዛውያንን አሰፈረባት። የአገሬው ሰው በገዛ መሬቱ ባይተዋር ሆነ። ግንቡ ውብ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ይህ ታሪክ ተዘሎ ውበቱ ብቻ ሲወራ ግን ቅር ይለኛል።

«ድሮም እንዲህ ግራጫ ነበር።»

አልነበረም። በኖራ ተለስኖ ነጭ ነበር። ጠጋ ብሎ ላየው የልስኑ ቅሪት ዛሬም እዚህም እዚያም ድንጋዩ ላይ አለ። ከሩቅ እንዴት ያብረቀርቅ እንደነበር አስቡት።

«አጠገቡ ያለው ባለ ማማ ድልድይም የዚያው ዘመን ነው።»

ከ500 ዓመት በላይ ያንሳል። ቶማስ ቴልፎርድ የሠራው ተንጠልጣይ ድልድይ ነው፤ የተከፈተው በ1826 ነው። ማማዎቹ ሆን ተብሎ ከግንቡ ጋር እንዲመሳሰሉ ተደርገዋል።





«ግንቡ ተደፍሮ አያውቅም።»

ተደፍሯል፣ ያውም በስቅለት ዕለት። በ1401 ዌልሶች በኦዋይን ግሊንዱር መሪነት በእንግሊዝ ላይ ተነሥተው ነበር። የኦዋይን ዘመዶች የሆኑት ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ሪስና ግዊሊም፣ ሰዎቻቸውን ይዘው ወደ ኮንዊ መጡ። የግንቡ ወታደሮች ለጸሎት ወጥተው በሩ ላይ የቀሩት ጠባቂዎች ጥቂት ነበሩ። ለሥራ የመጣ አናጢ ነን ብለው አታለሏቸውና ገቡ። ግንቡንም ለሦስት ወር ያህል ይዘው ቆዩ። ወታደሮቹ ሊጸልዩ የሄዱበት የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የዚያ የተነሣው ገዳም ቤተ ክርስቲያን ነበር።