«ብር ስላጣ ነው እንዲህ የሆነው»፦ ስለ ኢንዲ ፖፕ ክሊፕ የሚባሉና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ ሻይ ይዞ ክሊፕ የማይተነትን ወጣት ጥቂት ነው። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው የአንዱን ኤዲት ያደንቃሉ፣ የሌላውን ቀለም ይተቻሉ። ኢንዲ ፖፕ፣ ማለትም ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ የተጀመረው የፖፕ ስልት ላይ ሲደርሱ ግን ተመሳሳይ ወሬ ነው የሚሰማው።

«ምስሉ የደበዘዘው ርካሽ ስለሆነ ነው።»

እርግጥ ብር ያጠረውም አለ። ግን ያ ነጠብጣብ የበዛበት፣ ቀለሙ የወየበ፣ ጎንና ጎኑ ተቆርጦ ወደ ካሬ የተጠጋ ምስል በአብዛኛው ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። አንዱ መነሻው ኮዳክ በ1965 እ.ኤ.አ. ለቤተሰብ ቀረጻ ያወጣው ሱፐር 8 ፊልም ነው። አንዱ ካርትሪጅ (የፊልሙ ማቀፊያ) 15 ሜትር ፊልም ይይዛል፤ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከቀረጻችሁበት ሁለት ደቂቃ ተኩል ላይ ያልቃል። አንድ ዘፈን እንኳ አይጨርስም! ከዚያ የፊልሙ ማጠቢያ ዋጋ አለ፣ ወደ ዲጂታል መገልበጫው አለ። ስለዚህ እውነተኛው «የድሮ» መልክ በስልክ ከመቅረጽ ዋጋው በጣም ውድ ነው። በኤዲቲንግ የመጣውም ቢሆን ሥራው ያው ነው፤ ዘፋኙን ከመድረክ አውርዶ የምታውቁት ሰው ያስመስለዋል።

«ኢንዲ የሚሠራው ኩባንያ የሌለው ዘፋኝ ነው።»

ድሮ፣ አዎ። አሁን ግን መልኩ ከሥራ ውሉ ተለይቷል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያስፈረሟቸው ዘፋኞችም ይሄንኑ የመኝታ ቤት መብራትና የወየበ ቀለም ይጠቀማሉ።

«ግጥሙ ያለውን ካላሳየ ክሊፑ ከሽፏል።»

ይሄኛው ነው እኛን በደንብ የያዘን። «አበባዬ» ሲባል አበባ፣ «ዓይንሽ» ሲባል ዓይን። አንድሩ ጉድዊን የተባለ የሙዚቃ ቪዲዮ ተንታኝ በ1992 እ.ኤ.አ. የግጥሙንና የምስሉን ግንኙነት በሦስት ከፍሎታል፦ ምስሉ ግጥሙን ያሳያል፣ ወይም ሌላ ትርጉም ይጨምርበታል፣ ወይም ጭራሽ ይቃረነዋል። ዘፈኑ «ሄደች» ይላል እንበል። ታንኳ ላይ ሆና ስትርቅ ብትቀርጿት አሳያችሁ። ልጁ ሁለት ሻይ አዝዞ አንዱ ሲቀዘቅዝ ብትቀርጹ ጨመራችሁ። ያው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር የተጠበሰ ዓሣ እየበላ በሳቅ ሲንከተከት ብትቀርጹት ደግሞ ተቃረናችሁ። ኢንዲ ፖፕ ሦስተኛውን ይወዳል፤ እኔም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ሳቁ እውነት ይሁን ማስመሰል ተመልካቹ ራሱ እንዲያስብ ይተወዋል።

«ስሎው ሞሽን ሆኖ ከንፈሩ ከዘፈኑ ጋር የገጠመው በኮምፒውተር ነው።»

ኮምፒውተር አያስፈልግም። ካሜራው በሰከንድ 50 ፍሬም ይቀርጻል፣ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ይለቀቃል፣ ዘፋኙም እየተጣደፈ አብሮ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። በኋላ ምስሉ በ25 ፍሬም ሲታይ ፀጉሩና ልብሱ ይዘገያሉ፣ ከንፈሩ ግን በትክክለኛው ዘፈን ላይ ያርፋል። ቀረጻው ላይ ያለፈ ሰው ጤናችሁን ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

«ካሜራው ካልተንቀሳቀሰ ዳይሬክተሩ ሰነፍ ነው።»

ኦኬ ጎ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ2006 እ.ኤ.አ. ስምንት የመሮጫ ማሽን ደርድሮ፣ አንድ የቆመ ካሜራ ፊት፣ ያለ አንድ ቆረጣ (ቀረጻው ሳይቋረጥ) ጨፈረ። በቀጣዩ ዓመት የግራሚ የሙዚቃ ሽልማት ወሰደበት። ቆረጣ ከሌለ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ የለም፤ ድካሙ ሁሉ ልምምዱ ላይ ነው።

«ጣና ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ጣና ያምራል፣ ማን ይክዳል። ግን ዘንባባውን፣ ፔሊካኑንና ፏፏቴውን ተራ በተራ የደረደረ ክሊፕ የቱሪዝም ማስታወቂያ ይሆናል፣ ዘፈኑም የጀርባ ድምፅ። ኢንዲ ፖፕ የሚፈልገው ሰዉ የሚኖርበትን ቦታ ነው፦ የባጃጅ የኋላ ወንበር፣ ልብስ የተሰጣበት ግቢ፣ የተዘጋ ሱቅ በር። ሐይቁ በጥግ በኩል ትንሽ ብልጭ ቢል ይበቃል። ጢስ ዓባይ የግድ ይግባ ካላችሁ ደግሞ በክረምቱ ማብቂያ ሂዱ፤ በበጋ ውሃው ስለሚቀንስና ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር፣ ያ የፖስተሩ ፏፏቴ ቀርቶ ባዶ ድንጋይ ቀርጻችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ።