ሂዩሚድ ሰብትሮፒካል ምንድን ነው? የሰምተር ካውንቲ ወበቅ

አሜሪካ ውስጥ በጆርጂያ ግዛት ከአትላንታ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ብትነዱ ሰምተር ካውንቲ (የግዛቷ አንድ አውራጃ) ትደርሳላችሁ። የኦቾሎኒ አገር ነው። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የተወለዱትም እዚሁ፣ ፕሌንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በሐምሌ ከመኪና ስትወርዱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ወበቁ ነው። ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ጥላ ሥር ብትገቡም ብዙ አያሳርፍም።

ይህ የአየር ንብረት ሂዩሚድ ሰብትሮፒካል (እርጥበታማ ከፊል ሞቃታማ) ይባላል። በጣም የሚሞቀው ወር አማካይ ሙቀት ከ22 ዲግሪ በላይ ነው። በጣም የሚቀዘቅዘው ወር ደግሞ ከ18 በታች ይወርዳል፣ ዜሮ ግን አይደርስም። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ አለ።

ለእኛ እንግዳ የሚሆነው ይህ የመጨረሻው ነው። እኛ ክረምትና በጋን የምንለየው በዝናብ ነዋ! ሰምተር በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አይራራቅም። አዲስ አበባ ግን አብዛኛውን ከሰኔ እስከ መስከረም ትጨርሰዋለች። ሰምተር ላይ በጥርም ይዘንባል፣ በመጋቢትም፣ በሐምሌም።

ወበቁ የሚመጣው ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነው። በሞቃቱ ወራት ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ ከሞቀው ባሕር ላይ እርጥበት ተሸክሞ ይገባል። ቴርሞሜትሩ 33 ዲግሪ ይላል። ድሬዳዋም 33 ትደርሳለች፤ የድሬ አየር ግን ደረቅ ስለሆነ ላብ ቶሎ ይተንና ገላን ያቀዘቅዛል። ሰምተር ላይ አየሩ ራሱ ውሃ ጠግቧል፤ ላቡ ገላ ላይ ይቀራል። ሌሊቱም ከ21 ዲግሪ ብዙ አይወርድም። ስለዚህ የሙቀቱን ቁጥር ብቻ አትመኑ። የጤዛ ነጥቡንም (የአየሩ እርጥበት ወደ ጤዛ መለወጥ የሚጀምርበትን የሙቀት መጠን) እዩ፤ ከ21 ካለፈ ወበቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ሰማዩ ይጠቁርና ዶፍ ይወርዳል። ወዲያው ፀሐይ ትመለሳለች፣ አስፋልቱ ይጨሳል።

ታኅሣሥና ጥር ላይ ከካናዳ የሚወርድ ብርድ ሌሊቱን ውርጭ ያደርገዋል። የሚነጠፍ በረዶ ግን ብርቅ ነው። አስፈሪው ጊዜ ብርዱና ሙቀቱ የሚጋጩበት የጸደይ መግቢያ ነው። ማርች 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ማታ ቶርኔዶ (እየተሽከረከረ የሚያወድም ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) የካውንቲዋን ዋና ከተማ አሜሪከስን መታ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ ሆስፒታሉም ፈራረሰ። በዚያ አካባቢ የምትኖሩ፣ እባካችሁ ማታ የስልካችሁን የአደጋ ማስጠንቀቂያ አታጥፉ።

ለገበሬው ግን ትልቁ ጭንቀት መከር ነው። ኦቾሎኒው በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት ተዘርቶ በመስከረምና በጥቅምት ይነቀላል። ከዚያ ሥሩ ወደ ላይ ተገልብጦ ማሳው ላይ ጥቂት ቀን ይደርቃል። ደግነቱ፣ ከዓመቱ ዝናብ የሚቀንሰው በዚያው ሰሞን ነው። ሆኖም ወቅቱ ከባሕር የሚነሳው ከባድ ማዕበል፣ የሃሪኬንም ነው። በኦክቶበር 2018 እ.ኤ.አ. ሃሪኬን ማይክል ደቡብ ምዕራብ ጆርጂያን ሲያቋርጥ የደረሰ ጥጥ ማሳ ላይ ረገፈ፣ ለዓመታት ያፈሩ የፒካን (የለውዝ ዓይነት) ዛፎችም ከነሥራቸው ተነቀሉ።