«ሳይደርቅ» ማለት «ሳይሞት» ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ የፊልም ሽልማት ዝግጅት በቴሌቪዥን እያየሁ ነበር። የሕይወት ዘመን ሽልማቱ ተራ ደረሰና አንድ አንጋፋ ተዋናይ በሁለት ሰው ተደግፈው ወደ መድረክ ወጡ። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔም እንባ እንባ አለኝ። ከዚያ የመድረክ መሪው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ አበው፣ በሕይወት እያሉ ልናከብራቸው ወደድን» አለ።

ልጁ ክፉ አላሰበም። አባባሉን ግን ያለቦታው ነው ያዋለው። «ሳይደርቅ» የሚለውን «ሳይሞት» ብሎ ፈታው። አሁን አሁን በየመድረኩ የምሰማው አፈታት ይኸው ነው፣ በሰማሁት ቁጥርም ያመኛል።

ይህን አባባል መጀመሪያ የሰማሁት ከአያቴ ነው፤ እጄ ጥሬ ቆዳ ይዞ። በሬ የታረደ ቀን ነበር። ሥጋው ተመድቦ ሲያበቃ አያቴ ቆዳውን ሣሩ ላይ ዘረጋው። ከጠርዙ ጀመረና በሁለት ጣት ስፋት ዙሪያውን ይተለትለው ገባ። ክብ እየዞረ ወደ መሀል ይሄዳል። ከአንድ ቆዳ አንድ ረጅም ጠፍር፣ ሳይቆረጥ። ጎረቤቶች ቆዳውን ከየአቅጣጫው ወጥረው ይይዙለታል። የእኔ ሥራ የጠፍሩን ጫፍ ይዤ ወደ ኋላ መሄድ ነበር። «ያዝ! እንዳትለቀው» ይለኛል። ጠፍሩ ይሞቃል፣ ያንሸራትታል፣ ከእጄ ሊያመልጥ ይታገላል።

በዚያው ቀን አልጋው ይጠፈራል። አንዱ እንጨቱን በእግሩ ረግጦ ይስባል፣ ሌላው ያጠልፋል፣ ሦስተኛው ይቋጥራል። ሲያልቅ ልል ይመስላል። እኔም «አባባ፣ ይኼ'ኮ ላላ» አልኩት። «ተወው፣ እሱ ራሱ ይጠብቃል» አለኝ። እውነትም እየደረቀ ሲሄድ ጠበቀ። ከቀናት በኋላ በጣቴ ስመታው እንደ ከበሮ ጮኸ። እርጥብ ጠፍር የያዘውን ነገር ይዞ ነው የሚደርቀው። እንጨቱንም አብሮ ይጨመድደዋል።

ተጥሎ የደረቀ ቆዳ ሌላ ነው። እንደ ቆርቆሮ ይገግራል። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ድንጋይ ይጭኑበታል። ይለሰልሳል፣ ግን ይሸታል፤ የታጠፈበት ላይም ይሰነጠቃል። አያቴ እንዲህ ያለውን ቆዳ በእግሩ ገፋ ያደርግና «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነበር» ይል ነበር።

የአባባሉ መነሻ እንጨት ነው የሚሉ አሉ። እርጥብ እንጨት ይቃናል፣ ደረቅ ይሰበራል። ለመጀመሪያው ግማሽ ያስኬዳል። «ሳይርቅ»ስ? ዛፍ የትም አይሄድ። እኔ እስከ ዛሬ የማምነው ሁለቱም ግማሾች ከአንድ ቀን እንደመጡ ነው፤ ከዚያ ከእርድ ቀን። እርጥቡ ቆዳው ነው። ቅርቡ ደግሞ ሰዉ ነው። ያን ቀን ወጣሪውም፣ ሳቢውም፣ ቋጣሪውም ግቢ ውስጥ አለ። በማግስቱ ሁሉም ወደየማሳው ይበተናል። ቆዳው እርጥብ ቢሆን እንኳ ብቻህን አትተለትለውም። ሰዉ ቢኖር ደግሞ ቆዳው ከደረቀ ምን ያደርግልሃል? ሁለቱ የሚገናኙበት ጊዜ አጭር ነው። አባባሉም የሚያወራው ስለዚያች አጭር ጊዜ ነው።

ይህ ደግሞ ለፊልም ልክክ ይላል። ደራሲ ማንም ባያከብረው ወረቀትና እርሳስ አያጣም። ተዋናይ ግን ካልተጠራ አይሠራም። ዳይሬክተር የሰው ገንዘብ፣ የሰው ካሜራ፣ የሰው ጉልበት ይፈልጋል። በሥራው መሀል የተሰጠ ክብር ለቀጣዩ ፊልም በር ይከፍትለታል፤ ከሙያው ጋር ጠፍሮ ያስረዋል። በ80 ዓመቱ የሚሰጠው ዋንጫ ግን የትኛውን ፊልም ይወልዳል?

የፊልም ተዋናዩ ፒተር ኦቱል ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ሰባት ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ በእ.ኤ.አ. 2003 የክብር ኦስካር፣ ያለ ውድድር የሚሰጠውን፣ ሊሰጠው ሲል ኦቱል ደብዳቤ ጻፈ። ገና ጨዋታው ውስጥ ነኝ፣ ተወዳድሬ ላሸንፍ እችላለሁ፣ እባካችሁ 80 እስኪሞላኝ አቆዩልኝ አለ። ያኔ 70 ዓመቱ ነበር። ገና እርጥብ ነኝ ማለቱ ነው። ኋላ ላይ ሄዶ ተቀበለ፤ በ2007 ደግሞ ለስምንተኛ ጊዜ ታጨ። አሁንም አላሸነፈም።

የሆሊውዱ ተዋናይ ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን በሕይወቱ አንድም ጊዜ ታጭቶ አያውቅም። የክብር ኦስካሩ በ1973 ተወሰነለት። ከሥነ ሥርዓቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አረፈ፤ ሚስቱ ተቀበለችለት። ሕንዳዊው የፊልም ዳይሬክተር ሳትያጂት ራይ በ1992 የተሸለመው ካልካታ ሆስፒታል ውስጥ፣ አልጋ ላይ ሆኖ ነው። ወር ሳይሞላው ሞተ። በመድረክ መሪው ፍቺ ከሄድን የራይ ሽልማት «ሳይደርቅ» ደርሷል። እስትንፋሱ ነበረቻ! በአያቴ ፍቺ ግን ደርቋል።

የሁለተኛው ግማሽ ምስክር ቻርሊ ቻፕሊን ነው። በ1952 ከአሜሪካ ሲወጣ የመመለሻ ፈቃዱ ተሰረዘበት። ኑሮውን ስዊዘርላንድ አደረገ። የክብር ኦስካሩን ሊቀበል የተመለሰው በ1972 ነው፣ በ82 ዓመቱ። አዳራሹ ቆሞ ለብዙ ደቂቃዎች አጨበጨበለት፤ እሱም አለቀሰ። ግን አብረውት ከጀመሩት ስንቱ ነበር እዚያ? ሃያ ዓመት ሙሉ ርቆ፣ ሳቢና ቋጣሪው ተበትኖ።

አንዳንዴ ሸላሚዎቹ ሰውየው ደረቀ ብለው ይሳሳታሉ። የሙዚቃ ደራሲው ኤኒዮ ሞሪኮኔ በ2007 የክብር ኦስካር ተሰጠው፤ በ78 ዓመቱ። መሸኛ ይመስል ነበር። በ2016፣ በ87 ዓመቱ፣ ተወዳድሮ አሸነፈ።

አረጋውያኑ አይሸለሙ አላልኩም። ይሸለሙ፣ ይጨብጨብላቸው፣ እኔም ቆሜ አጨበጭባለሁ። ለዚያ የሚሆን አነጋገርም አለን፤ «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል»። በውስጡ ትንሽ ይቅርታ አለበት። ለእኚያ በሰው ተደግፈው ለወጡት አንጋፋ የሚገባው እሱ ነበር። «ሳይደርቅ በእርጥቡ» መባል ያለበት ከመድረኩ ወዲያ፣ መጨረሻ ረድፍ ላይ ለተቀመጠችው ነው። ሁለት ጥሩ ፊልም ሠርታ ለሦስተኛው ገንዘብ ላጣችው፤ ጓደኞቿ ገና ሳይበተኑ።