ቬክሳን፦ በፓሪስና በሩዋን መካከል የተጨነቀች የድንበር አገር

ኤፕት ትልቅ ወንዝ አይደለም። ርዝመቱ 113 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱም ከአንዱ ዳር ሲጣሩ ከማዶ የሚሰማ ዓይነት ነው። ሆኖም ለሦስት መቶ ዓመት ያህል የፈረንሳይ ንጉሥና የኖርማንዲ ዱክ የተፋጠጡት በዚህ ወንዝ ግራና ቀኝ ነው። ወንዙ ለሁለት የከፈላት አገር ቬክሳን ትባላለች። (ቀኑም ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ቬክሳን ስሟን የወረሰችው ቬሊዮካስ ከሚባል የጥንት የጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ) ነገድ ነው። መሬቷ ሜዳማ ነው። ለእህል ይመቻል፣ ለፈረሰኛ ጦርም ይመቻል። ጣጣዋ የመጣው ግን ከአፈሯ ሳይሆን ከአቀማመጧ ነው። በአንድ በኩል ፓሪስ፣ በሌላው ሩዋን፤ በሁለቱ መካከል ያለው 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ። በኤፕት ዳር ባለችው በጂዞር የኖርማን ጦር ሰፍሮ እያደረ የፓሪስ ንጉሥ እንቅልፍ አይወስደውም። ዱኩም እንደዚያው ነው፤ ጂዞርን ካጣ የሩዋን በር ተከፈተ ማለት ነው።

ስለ ቬክሳን ሲወራ ግንቡና ጦርነቱ ይቀድማል። እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ነው። የዚህች አገር ዕጣ በተደጋጋሚ የተወሰነው በትንንሽ ሴት ልጆች ጋብቻ ነው።

ወንዙ ድንበር ሲሆን

ነገሩ የተጀመረው በ911 ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል ከቫይኪንጎቹ አለቃ ከሮሎ ጋር በኤፕት ዳር፣ ሰን-ክሌር በምትባል መንደር ታረቀ። ለሮሎ መሬት ሰጠው፤ ያ መሬት በኋላ ኖርማንዲ ሆነ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የጻፈ አንድ ካህን ሮሎ የንጉሡን እግር አልስምም ማለቱን ይተርካል። ከሎሌዎቹ አንዱን ሳምልኝ አለው። ሎሌው ጎንበስ ከማለት ይልቅ የንጉሡን እግር ወደ አፉ አነሳው፤ ንጉሡም ወደ ኋላ ተንጋለለ። ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን፣ ኖርማኖች ራሳቸውን እንዴት ያዩ እንደነበር በደንብ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ከኤፕት በስተምዕራብ ያለው ኖርማን ቬክሳን ተባለ። ጶንቷዝንና ማንትን የያዘው ምሥራቁ ደግሞ ፈረንሳይ ቬክሳን ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ግን አገሪቱን አልከፈለቻትም። ጶንቷዝ ያለ ሰው ለፈረንሳይ ንጉሥ እየገበረ ሊቀ ጳጳሱ የሚቀመጠው ሩዋን ነበር።

ፈረንሳይ ቬክሳን የራሷ ኮንቶች፣ ማለትም የአካባቢ ገዥ መሳፍንት፣ ነበሯት፤ በሁለቱ ኃያላን መካከል እንደ ትራስ ሆነው ኖሩ። በ1077 የመጨረሻው ኮንት ሲሞን ሀብቱንና ሥልጣኑን ጥሎ መነኮሰ። ንጉሥ ፊሊፕ አንደኛ ጊዜ አላጠፋም፤ ግዛቱን ጠቀለለ። የኖርማንዲው ዱክ ጊዮም ደግሞ ከ1066 ጀምሮ የእንግሊዝ ንጉሥም ነበር። ትራሱ ተነሳ፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ቀሩ።

ጊዮም በ1087 ማንትን አቃጠለ። በዚያው ዘመቻ ታመመ፤ አንዳንዶች ፈረሱ ተደናቅፎ የኮርቻው ጫፍ ሆዱን ወጋው ይላሉ። መስከረም 9 ቀን ሩዋን ላይ ሞተ። እንግሊዝን ያህል አገር የያዘ ሰው ሞቱን ያገኘው ለዚህች ቁራሽ መሬት ሲል ነው። ልጁ ጊዮም ሩፉስ በ1097 ጂዞር ላይ ግንብ አሠራ። ከዚያ ወዲህ ወንዙን ተከትለው ከዚህም ከዚያም ምሽጎች በቀሉ።

በ1109 የፈረንሳዩ ሉዊ ስድስተኛና የእንግሊዙ ሄንሪ አንደኛ ጦራቸውን ይዘው ኔኦፍል አጠገብ በወንዙ ሁለት ዳር ቆሙ። ጠቡ በጂዞር ግንብ ነው። በመካከላቸው ያለው ድልድይ የበሰበሰ፣ ሊወድቅ የሚወዛወዝ ነበር። ሉዊ ሁለታችን ብቻ ተዋግተን ይለይለት አለ። ከሠራዊቱም አንዳንዶቹ እዚያው ድልድዩ ላይ ይዋጡልን እያሉ መጮህ ያዙ። ሄንሪ አልተቀበለም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1119፣ ብሬሙል ላይ እውነተኛ ውጊያ ሆነ። ወደ 900 የሚጠጉ ፈረሰኞች ተፋልመው የሞቱት ሦስት ብቻ ናቸው። ከእግር እስከ ራስ የብረት ልብስ ለብሰዋል፤ ደግሞም የሞተ ባላባት ቤዛ አይከፈልበትም፣ የተማረከ ግን ብር ያመጣል። ከሁለቱም ወገን ያሉት ብዙዎቹ የሚተዋወቁ ነበሩ። ሄንሪ ራሱ ሁለት ጊዜ ጭንቅላቱን በሰይፍ ተመቶ በብረት ቆቡ ተረፈ። የተሸነፈው ሉዊ ጫካ ውስጥ መንገድ ጠፋበት፤ ማንነቱን ያላወቀ ገበሬ ነው እየመራ ያወጣው። ሄንሪ በማግስቱ የሉዊን ፈረስ ከነኮርቻው መለሰለት። ሰንደቁን ግን አስቀረው። መሳፍንቱ እንዲህ ይከባበራሉ፤ የሚቃጠለው መንደር ግን የገበሬው ነው።

ሁለቱ እህትማማቾች

በ1140ዎቹ የአንዡው ኮንት ጆፍሯ ኖርማንዲን ያዘ። የፈረንሳዩ ሉዊ ሰባተኛ እንዲያጸድቅለትም ጂዞርን ሰጠው፤ በ1151 የቀረው ኖርማን ቬክሳን ተጨመረ። የጆፍሯ ልጅ ሄንሪ ሁለተኛ የእንግሊዝ ንጉሥ ሲሆን ይህን መሬት ለማስመለስ ተነሳ። መንገዱ ግን ጦር ሳይሆን ሠርግ ነበር።

እኛ ዘንድ ጥሎሽ ከወንዱ ወገን ይመጣል። በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ግን መሬት ይዛ የምትሄደው ሙሽሪት ናት። በ1158 የሉዊ ልጅ ማርግሪት በሕይወት ለነበረው የሄንሪ ታላቅ ወንድ ልጅ ታጨች፤ ጥሎሿ ኖርማን ቬክሳን ሆነ። ልጆቹ እስኪያድጉ ግንቦቹን በአደራ የያዙት ቴምፕላር የተባሉት መነኮሳት ወታደሮች ናቸው። ሉዊ ገና ብዙ ዓመት አለኝ ብሎ ተረጋጋ።

ጥቅምት 4 ቀን 1160 የሉዊ ሚስት ኮንስታንስ ሴት ልጅ ወልዳ በወሊድ ሞተች። ሕፃኗ አሊስ ተባለች። ወንድ ልጅ ያልነበረው ሉዊ ሐዘኑ ሳይወጣ ሌላ ሊያገባ ተነሳ፤ አዲሲቱ ሙሽራ የሄንሪ ተቀናቃኝ ከሆነው ከሻምፓኝ ቤት ናት። ሄንሪ አልጠበቀም። በዚያን ጊዜ ሁለት ሰዎች የሮም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት እኔ ነኝ ይሉ ነበርና ከአንዱ መልእክተኞች ፈቃድ አገኘ። ኅዳር 2 ቀን ልጆቹን አጋባቸው። ሙሽራው አምስት ዓመቱ ነው፤ ሙሽሪት ገና ሁለት ሦስት ዓመቷ። ሠርጉ ሆነ ማለት ውሉ ደረሰ ማለት ነውና ቴምፕላሮቹ ግንቦቹን ለሄንሪ አስረከቡ። ሉዊ በቁጣ ከአገሩ አባረራቸው። ግንቦቹ ግን ሄደዋል።

ማርግሪት አድጋ ንግሥት ተባለች። የወለደችው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ጥቂት ቀን ኖሮ ሞተ። ባሏ በ1183 ሲያርፍ ወንድሟ፣ አዲሱ ንጉሥ ፊሊፕ ኦጉስት፣ ጥሎሹ ይመለስ አለ። ሄንሪ እሺ አላለም። ለማርግሪት በየዓመቱ ገንዘብ ሊከፍል ተስማማ፤ መሬቱ ደግሞ ወደ አሊስ ጥሎሽ ተዛወረ። አዎ፣ በወሊድ እናቷን ያጣችው አሊስ። ከ1169 ጀምሮ ለሄንሪ ሌላ ልጅ ለሪቻርድ ታጭታ በአማቷ ቤት ትኖር ነበር።

ሪቻርድ ግን አሊስን አላገባትም። ሄንሪ ሠርጉን እየገፋ አቆያት፤ በዕድሜ ልጁ የምትሆነውን ልጅ ራሱ ቅምጥ አደረጋት የሚል ሐሜትም ተነዛ። በ1191 ሪቻርድ ወደ ኢየሩሳሌም ዘመቻ ሲሄድ ሲሲሊ ላይ ከፊሊፕ ጋር ተዋዋለ። 10,000 ማርክ ይከፍላል፣ ከእጮኝነቱ ይፈታል፣ ቬክሳን ግን እሱ ጋር ይቀራል። ሃያ ሁለት ዓመት የታጨች ልጅ ናት እንዲህ የተፈታችው። ወደ ወንድሟ የተመለሰችው በ1195፣ በሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ዜና መዋዕሎቹ ስለ ግንቦቹ ብዙ ይላሉ። እሷ ምን እንዳለች አንድም ቃል አልተጻፈም።

በእነዚህ ዓመታት ነገሥታቱ ለድርድር የሚገናኙት ጂዞር አጠገብ በአንድ ግዙፍ ኤልም ዛፍ ሥር ነበር፤ ልክ እንደ አገራችን ዋርካ። ጥር 1188 ኢየሩሳሌም መያዟን ሰምተው እዚያው ታረቁ፣ መስቀል ለበሱ። ፈረንሳዮቹ ቀይ፣ እንግሊዞቹ ነጭ። በዚያው ዓመት ግን እንደገና ተጣሉ፤ ፊሊፕ ተናዶ ዛፉን አስቆረጠው። ብዙ ዕርቅ ያየ ዛፍ ነበር።

የግንቡ ክረምት

ሪቻርድ ከዘመቻ ሲመለስ ጀርመን አገር ታሰረ። በ1193 የጂዞር ጠባቂ ግንቡን ለፊሊፕ አስረከበ። ሪቻርድ ተፈትቶ ቢዋጋም በ1196 ኖርማን ቬክሳንን ለመልቀቅ ፈረመ። ወዲያው ግን ሌዛንድሊ ላይ፣ ከሴን ወንዝ በላይ ካለው ገደል አናት፣ ሻቶ ጋያር የተባለውን ግንብ መገንባት ጀመረ። ቦታው የሩዋን ሊቀ ጳጳስ ስለነበር ሊቀ ጳጳሱ ኖርማንዲን ገዘተ፤ በኋላ በለዋጭ መሬት ታረቁ። ግንቡ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ11,000 ፓውንድ በላይ ፈጀ፤ ለዚያ ዘመን ጉድ የሚያሰኝ ገንዘብ ነው።

መስከረም 1198 ፊሊፕ ከሪቻርድ ሸሽቶ ወደ ጂዞር ሲገባ ድልድዩ ተሰበረ። ንጉሡ ኤፕት ውስጥ ወደቀ። ሪቻርድ በደብዳቤው ንጉሡ ከወንዙ እንደጠጣና ሃያ ፈረሰኞች እንደሰጠሙ ጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት ሪቻርድ ሞተ።

ወንድሙ ጆን በ1200 ለ ጉሌ ላይ ዕርቅ አወረደ። እንደገና ሴት ልጅ ተፈለገች። ወደ 80 ዓመት የተጠጋችው የጆን እናት አሊዬኖር ካስቲል ድረስ ሄዳ የልጅ ልጇን ብላንሽን አመጣቻት፤ ብላንሽ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ለፊሊፕ ልጅ ተዳረች። ዕርቁ ሁለት ዓመት ብቻ ቆየ።

ፊሊፕ በ1203 ሻቶ ጋያርን ከበበ። የሌዛንድሊ ከተማ ሕዝብ ወደ ግንቡ ሸሸ። ስንቅ ሲያልቅ የግንቡ አዛዥ መዋጋት የማይችሉትን አስወጣ። የመጀመሪያዎቹን ፈረንሳዮቹ አሳለፏቸው። የቀሩትን ፊሊፕ እንዳያልፉ ከለከለ። ወደ ግንቡም መመለስ አልቻሉም። ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት በሁለቱ ጦር መካከል፣ በክረምት ብርድ፣ ሣርና ውሻ እየበሉ ቆዩ። በመጨረሻ ፊሊፕ ምግብ አዘዘላቸው፤ ብዙዎቹ ግን አልተረፉም። ግንቡ መጋቢት 6 ቀን 1204 ወደቀ፤ ሩዋን በሰኔ 24 እጇን ሰጠች። ኖርማንዲ የፈረንሳይ ሆነች፤ ቬክሳንም ድንበርነቷ ቀረ።

ኤፕት ዛሬም በከፊል የኖርማንዲንና የኢል-ደ-ፍራንስን ክልሎች ይለያል። ከፓሪስ ሴን-ላዛር ጣቢያ የሚነሳ ባቡር ጂዞር ድረስ ያደርሳል፤ የሩፉስ ኮረብታና የፊሊፕ ክብ ግንብ እዚያው ቆመዋል። ወንዙ ወደ ሴን ሊገባ ሲል ደግሞ አንዱ ቅርንጫፉ ዢቬርኒ ውስጥ ያልፋል። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ የውሃ አበቦቹን የተከለበት ኩሬ የሚሞላው በዚያ ውሃ ነው።