«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» እና የአንኮበር ጉም

የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን 9ኛ ክፍል ነው። ኬሚካል ቦንዲንግ (አተሞች እንዴት እንደሚተሳሰሩ) ሲያጠና አስጠኚው «ሶዲየም ኤሌክትሮኑን የሚሰጠው ለራሱ ብሎ ነው፣ ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ እንደሚባለው» አለውና ልጁ ደስ ብሎት ደብተሩ ላይ በቀይ ጻፈው። እኔን ግን ቆረቆረኝ፣ ተረቱም ሶዲየሙም አንድ ላይ ነው የተበደሉት።

የምን ለራሱ ብሎ! ሶዲየም ካሉት 11 ኤሌክትሮኖች የመጨረሻው ሼል (የውጪው ንብርብር) ላይ ያለችውን 1 ዷን በፈቃዱ የሚለቃት እንዳይመስላችሁ፣ ለየብቻ ካሉ አተሞች ብንነሳ ለ1 ሞል (ኬሚስቶች አተም የሚሰፍሩበት ቁና ነው) 496 ኪሎ ጁል ኃይል ካልወጣበት አትነቀልም። ከሶዲየም ጋር ሆኖ ጨው የሚሠራው ክሎሪን ያቺን ተቀብሎ የውጪ 7ቱን 8 ሲያደርግ የሚመልሰው 349 ብቻ ነው፣ ሂሳቡ ገና ጎዶሎ ነው። ትርፍ የሚገኘው አዮኖቹ (ኤሌክትሮን የሰጠው ሶዲየምና የተቀበለው ክሎሪን፣ ማለትም ክሎራይድ) ተሰብስበው ሲደረደሩ ነው፣ እያንዳንዱ ሶዲየም በ6 ክሎራይድ፣ እያንዳንዱ ክሎራይድም በ6 ሶዲየም ተከቦ፣ ያኔ 787 ኪሎ ጁል ይለቀቃል። ብቻውን ሆኖ ያተረፈ የለም እዚህ ውስጥ።

ወደ ተረቱ እንምጣ። ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይም ስለ አልጫ ጨው ስላለ ብዙ ሰው ከዛ የመጣ ነው ይላል። ይሁን፣ እኔ ግን የአንኮበር መንገድ ነው የወለደው ባይ ነኝ፣ ማንም ቢስቅብኝ አልመለስም። ድሮ አፋሮች ጅቡቲ ካለው ከአሳል ሐይቅ ጨው በግመል ጭነው ከአንኮበር ዳገት ሥር አሊዩ አምባ ገበያ ያደርሳሉ፣ ግመል ያንን ዳገት ስለማይችለው እዛ ይራገፍና በአህያና በበቅሎ ወደ ላይ ይወጣል። የአንኮበርን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ክረምት ላይ ቤት ድረስ ገብቶ ነው ልብስ የሚያረጥበው። እንግዲህ ያ ጨው ጥሩ ታጥቦ የመጣ አይደለም፣ አፈር አለው፣ ጂፕሰም የሚባል ነጭ ድንጋይም አለው። 1 ሊትር ውሃ 360 ግራም አካባቢ ጨው ያሟሟል፣ ጂፕሰም ግን 2 ግራም ከምናምን ብቻ፣ ስለዚህ ጭነቱ በዝናብ ሲበሰብስ እውነተኛው ጨው በስልቻው ሥር ተንጠባጥቦ ያልቅና የሚቀረው ነጭ ድንጋይ ነው። መልኩ ያው ጨው ነው እኮ! ገዢ ላስ ያደርገዋል፣ ምንም የለም፣ ይወረውረዋል። ተረቱ የተወለደው እዛች ቅጽበት ላይ ነው ስል ማን ያስቆመኛል።

አያቴ ጨው የምታስቀምጠው በቅል አድርጋ ከምድጃው በላይ ጭስ የሚያገኘው ቦታ ነበር፣ ካልሆነ ያለቅሳል ትላለች። ልክ ነበረች፣ ያልተጣራ ጨው ውስጥ ያለው ማግኒዚየም ክሎራይድ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ወጥ ልትሠራ ስትል ደቃቁን ጣሳ ውስጥ በውሃ ትበጠብጠዋለች፣ ትተወዋለች፣ ከላይ የጠራውን ቀስ ብላ ድስቱ ውስጥ ታንቆረቁረዋለች። ከሥር ግራጫ ዝቃጭ ይቀራል፣ በጣቴ ነክቼ ቀምሼዋለሁ፣ አሸዋ አሸዋ ነው የሚለው። «በል ድፋልኝ አንተ ልጅ፣ ጨው መስሎ የመጣ ሁሉ ጨው አይደለም» ትለኝና ደጅ ወስጄ እደፋዋለሁ።

እና ተረቱ ለማን ነው የሚባለው? ወንበር ላይ ለተቀመጠ፣ ስሙን ይዞ ሥራውን ለተወ ሰው ነው። ሹም ከሆንክ ፍረድ፣ መምህር ከሆንክ አስተምር፣ የምትፈለገው ለጣዕምህ ነውና እሱ ከሌለ ማንም አያስታምምህም ማለት ነው። ማስፈራሪያ ነው ባጭሩ፣ ያውም ያፈጠጠ።

አሁን ግን ሚኒባሱ መስታወት ላይ ሳይቀር «ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ብቻ ተቆርጦ ይለጠፋል፣ ከሥሩ ልብና ጽጌረዳ፣ ሞቲቬሽን ነው አሉ፣ ራስህን ውደድ፣ ስለ ሰው አትጨነቅ ምናምን። ስለ ሰው ካልተጨነቀ ለማን ነው የሚጣፍጠው፣ ጨው ራሱን አይልስ! «አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለውንስ ማን በላው? ቦታ ጠበበን ካላችሁ ጽጌረዳውን አንሱት።